ለምክር ቤቱ የተገባ ቃል ይመዝገብ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለሚኒስትሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሚኒስትሮች ስለ መንግሥት ወጪና አገልግሎት ለምክር ቤቱ የሚሰጧቸው ምላሾች ተመዝግበው ክትትል እንዲደረግባቸው ስለመጠየቅ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣
ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤቱ አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የምክር ቤቱን መደበኛ ስብሰባዎችና የቋሚ ኮሚቴዎቹን ይፋዊ መድረኮች የምከታተል፣ በየዓመቱ የሚጸድቀው በጀት ከሚሰበሰብበት ግብርም ድርሻዬን የምከፍል ዜጋ ሆኜ ነው። ላነሣ የፈለግሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ሚኒስትር በእናንተ ፊት ቆሞ ስለ መሥሪያ ቤቱ ወጪና ስለሚሰጠው አገልግሎት ለቀረበለት ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ በተለይም በመልሱ ውስጥ የገባው ቃል፣ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ በማን እጅ፣ በየትኛው መዝገብ እንደሚቆይና መቼ እንደሚጠየቅበት ነው። ጥያቄው ይጠየቃል፣ መልሱ ይሰጣል፣ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ያያል፤ ነገር ግን «እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ እናጠናቅቃለን» የተባለለት መንገድ ወይም የውኃ ፕሮጀክት፣ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያ ቃል ቀኑና ገጹ ተጠቅሶ ሲጠየቅበት ማየት ብርቅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል፤ መልሱም እንደ አዲስ ይሰጣል።

ሕግ አላነሰንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ እንዲወያይና አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለእናንተ ተጠሪ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ማንኛውም ባለሥልጣንና የሕዝብ ተመራጭም ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሥልጣን አይደለም፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችሁ ያለው ሥልጣን ጥያቄው ሲጠየቅ ሳያበቃ እስከ መልሱ ፍጻሜ እንዲዘልቅ ነው።

በመደበኛ ስብሰባ የተለመደው አካሄድ ይህን ፍጻሜ የሚያስቀር ይመስለኛል። አባላት ተራ በተራ ተነሥተው ጥያቄዎቻቸውን ያቀርባሉ፤ አንዱ አባል በአንድ ንግግር ውስጥ ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጸጥታና ስለ ኑሮ ውድነት አከታትሎ ይጠይቃል፤ ምላሽ ሰጪውም የሁሉንም ጥያቄ ሰብስቦ በአንድ ረጅም ንግግር ይመልሳል። እንዲህ ባለው ንግግር ውስጥ የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ፣ የትኛው በከፊል እንደተነካ፣ የትኛውስ ጨርሶ እንደታለፈ ለመለየት በጽሞና እየጻፉ መከታተል ያስፈልጋል። ጠያቂው አባልም «ክቡር ሚኒስትር፣ የጠየቅሁት ይህን አልነበረም» የሚልበት ዕድል እምብዛም የለውም። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት፣ በሎክ ሳባ፣ የስብሰባው የመጀመሪያ ሰዓት ለጥያቄ የተመደበ ነው፤ የቃል መልስ የሚፈለግባቸው ጥያቄዎች ቀደም ብለው በጽሑፍ ይቀርባሉ፣ በኮከብ ምልክት ይለያሉ፣ ሚኒስትሩ ከመለሰ በኋላም ተከታይ ጥያቄ ይነሣበታል። ጥያቄው ቀድሞ የደረሰው ሚኒስትር መረጃው በእጄ የለም ሊል አይችልም፤ ጠያቂውም የተድበሰበሰ መልስ ተቀብሎ ለመቀመጥ አይገደድም። ይህን አሠራር ለመጀመር የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ ማየትና ጥቂት ማሻሻል የሚበቃ ይመስለኛል።

ወደ መልሶቹ ይዘት ልግባ። ስለ አንድ የተጓተተ ፕሮጀክት ሲጠየቅ «ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት እየተሠራበት ነው፤ በቀጣይ አቅም በፈቀደ መጠን መፍትሔ ያገኛል» የሚል መልስ በተደጋጋሚ እንሰማለን። በዚህ መልስ ውስጥ የሥራው ባለቤት የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደተመደበ፣ ስንቱ እንደወጣ፣ ሥራው የት ላይ እንደቆመና መቼ እንደሚያልቅ የለም። መልሱ ሐሰት ነው ሊባል አይችልም፤ እውነት ነው ብሎ ማረጋገጥም አይቻልም፤ ችግሩም ይኸው ነው። በዓመቱ ተመልሶ ሊመዘንበት የሚችል ምንም ነገር አልተሰጠምና። ምክር ቤቱ ስለ ወጪና አገልግሎት ለሚቀርብ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ቢያንስ የገንዘቡን መጠን፣ ኃላፊነቱን የወሰደውን የሥራ ክፍልና የሚፈጸምበትን ቀን ካልያዘ እንደተመለሰ እንዳይቆጠር ቢወስን፣ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚስተካከል ይመስለኛል። ሚኒስትሩ በዚያች ዕለት ቁጥሩን ካልያዘ «በዚህ ቀን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ማለት ሙሉ በሙሉ የተከበረ መልስ ነው፤ ከአጠቃላይ ንግግር ይልቅ በእጅጉ የሚሻልም ነው።

ቁጥር ሲሰጥ ደግሞ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ መጠየቅ አለበት። «የዕቅዳችንን ከዘጠና በመቶ በላይ አከናውነናል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ የተለካው የገንዘብ አፈጻጸም ነው ወይስ የአካላዊ ሥራው? ለአንድ ፕሮጀክት የተያዘው ገንዘብ ቅድመ ክፍያውን ጨምሮ ወጥቶ ያለቀ፣ ግንባታው ግን ገና እኩሌታው ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። የተለያዩ ተግባራት አፈጻጸም ተደምሮ በአማካይ ሲቀርብም፣ የሥልጠና መድረክ ማካሄድና መድኃኒት ለጤና ጣቢያ ማድረስ አንድ ዓይነት ክብደት ተሰጥቷቸው ከሆነ፣ አማካዩ የሚደብቀው ከሚያሳየው ይበልጣል። ለተጠቃሚው የሚበጀው ጥያቄ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ የሚለው ብቻ ሳይሆን ከተቆፈሩት ውስጥ ዛሬ ውኃ የሚሰጡት ስንት ናቸው የሚለው ነው፤ ስንት የመማሪያ ክፍል ተሠራ ከሚለው በተጨማሪ ስንቱ መምህርና መጽሐፍ ተሟልቶለት ተማሪ እየተማረበት ነው የሚለው ነው፤ ስንት መንደር የኤሌክትሪክ መስመር ተዘረጋለት ከሚለው በተጨማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ኃይል ያገኛል የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሡ አባላት በምክር ቤቱ ውስጥ አሉ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ጥያቄዎቹ ግን በአንድ አባል ብርታት ላይ ብቻ ሊንጠለጠሉ አይገባም፤ የሪፖርቱ አቀራረብ ራሱ እነዚህን መልሶች ይዞ እንዲመጣ ሊታዘዝ ይችላል።

የበጀት ዕድገትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ2017 በጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥት በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸድቆ ነበር፤ የ2018 በጀት ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በጀቱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል ይላል። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ራሱ በኅዳር 2017 ዓ.ም. 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጽድቋል፤ ንጽጽሩ ከሁለቱ ድምር ጋር ሲደረግ ዕድገቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በዚህ ላይ የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለውጭ ዕዳ፣ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት በብር የሚከፈለው ገንዘብ እንደጨመረ ሲታሰብ፣ «በጀታችን አድጓል» የሚለው ቃል ብቻውን የአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ምን እንደተጨመረ አይነግረንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። ይህ ግዴታ መፈጸሙ የሚታወቀው የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ፣ ከጠቅላላው በጀት ያለው ድርሻ ተለይቶና ለሕዝቡ ቁጥር ተካፍሎ ሲቀርብ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ስሌት መሥራት የሚያቅተው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የሚጠይቀው ካገኘ ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ጤና ጣቢያዎች ሲጠየቁ አንዳንድ የፌዴራል ኃላፊዎች «ይህ የክልሎች ሥልጣን ነው» ብለው ያልፋሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ አገልግሎቱን በቀጥታ የሚሰጡት ክልሎችና ወረዳዎች ናቸው። ሆኖም ክልሎች ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ ቀላል የማይባለው ክፍል ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ የሚተላለፍ ነው፤ ብሔራዊ መመዘኛውን የሚያወጣውና የሀገሪቱን አፈጻጸም የሚከታተለውም የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሚኒስትሩ ወረዳውን ወክሎ እንዲመልስ ባይጠበቅበትም፣ መመዘኛው የት የት እንደተሟላና የት እንዳልተሟላ፣ ላልተሟላበትስ መሥሪያ ቤቱ ምን እንዳደረገ መመለስ ግን ሥራው ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ በወጪ ቁጥጥር ረገድ ያላችሁ ጠንካራው መሣሪያ በአንቀጽ 101 የተቋቋመው የዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው። በአቶ ገመቹ ዱቢሶ ዘመንም ሆነ ከእርሳቸው በኋላ በተሾሙት በወይዘሮ መሠረት ዳምጤ ጊዜ ለምክር ቤቱ የቀረቡትን ሪፖርቶች የተከታተለ ሰው፣ አንዳንድ ርእሶች ከዓመት ዓመት እንደማይጠፉ ያውቃል፤ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ (ከመንግሥት ወጥቶ ያልተመለሰ ወይም በማስረጃ ያልተዘጋ ገንዘብ)፣ የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ የግዥ ሥርዓቱን ያልተከተለ ግዥ፣ በአንድ በኩል ከተፈቀደው በላይ የወጣ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሥራ ላይ ሳይውል የተመለሰ በጀት። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተቋማቱን ኃላፊዎች ይፋዊ በሆነ ሕዝባዊ መድረክ እየጠራ በክዋኔ ኦዲት (ሥራው በብቃትና በውጤታማነት መከናወኑን በሚመረምር ኦዲት) ግኝቶች ላይ መጠየቁ ከምክር ቤቱ ሥራዎች ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የማየው ነው። በ6ኛው ምክር ቤት መጀመሪያ የዚህ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሰጠቱም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 የተቋቋመው የብሪታንያ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴም የሚመራው በልማድ ከተቃዋሚው ወገን በሚመረጥ አባል ነው። ይህ ልማድ እኛም ዘንድ ቢጸና እመኛለሁ።

በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚሰጠው መልስ ግን አሁንም እጅግ ያሳስበኛል። ኃላፊው ይነሣና ግኝቱን እንደሚቀበል፣ ችግሩ ግን ከእርሱ በፊት በነበረው አመራር ጊዜ የተፈጠረ መሆኑን፣ የድርጊት መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ ማስተካከያ እየተደረገ እንደሆነ ይናገራል። ኮሚቴው ጊዜ ይሰጠዋል። ጊዜው ሲደርስ ያ ኃላፊ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውሮ ሊገኝ ይችላል፤ በቦታው የተተካውም ተነሥቶ ችግሩ ከእርሱ በፊት የነበረ መሆኑን ያስረዳል። በዚህ መንገድ ቃሉ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ዕዳው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይቀራል። አዲስ ሹም ወንበሩን ሲረከብ መኪናውን፣ ቢሮውንና ማኅተሙን እንደሚረከብ ሁሉ ከእርሱ በፊት የነበረው ለምክር ቤቱ የገባውን ቃልም በፊርማ ሊረከብ ይገባል። «እኔ አልነበርኩም» የሚለው መልስ የወንጀል ኃላፊነትን በሚመለከት ሊያገለግል ይችላል፤ የመንግሥት ሥራን ቀጣይነት በሚመለከት ግን መልስ ሊሆን አይችልም።

የደብዳቤዬ ዋና ጥያቄም ከዚህ የሚነሣ ነው። ምክር ቤቱ ሚኒስትሮችና ሌሎች ኃላፊዎች በመደበኛ ስብሰባም ሆነ በቋሚ ኮሚቴ ፊት የሚገቡትን ቃል ሁሉ የሚያሰፍር አንድ መዝገብ እንዲያቋቁምና ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። በመዝገቡ ላይ ጥያቄውን ያቀረበው አባል፣ ጥያቄው የቀረበበት ቀን፣ የመልሱ ቃል በቃል ጽሑፍ፣ የተገባው ቃል፣ የሚፈጸምበት ቀንና ኃላፊነቱን የያዘው መሥሪያ ቤት ይስፈሩበት፤ ቀኑ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ መፈጸሙን በማስረጃ ያሳይ፣ ካልፈጸመም ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ከፈለገም ይጠይቅ፤ ማራዘሚያውን የሚፈቅደው ግን ጥያቄው የቀረበለት ኮሚቴ ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አይሁን። የተፈጸመ ቃል በማስረጃ ተደግፎ ይዘጋ፤ ያልተፈጸመው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲቀርብ ከዚያው መሥሪያ ቤት የበጀት ጥያቄ ጋር ተያይዞ በአባላቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለበጀት ጠያቂው ባለፈው ዓመት ምን ቃል ገብተህ ነበር ተብሎ የሚጠየቅበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለምና።

ይህ አሠራር በሌሎች ዘንድ የተሞከረ ነው። የሕንድ ሎክ ሳባ ሚኒስትሮች በምክር ቤቱ የሚሰጧቸውን ማረጋገጫዎች ብቻ የሚከታተል ኮሚቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ አለው፤ ቃሉም በሦስት ወር ውስጥ እንዲፈጸም ይጠበቃል። የኡጋንዳ ፓርላማም ለዚሁ ሥራ የተለየ ኮሚቴ አቋቁሟል። በእኛ በኩል ሌላ ኮሚቴ መጨመር የግድ ላይሆን ይችላል፤ በአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሥር የሚሠሩ ጥቂት ባለሙያዎች መዝገቡን ይዘው ለየቋሚ ኮሚቴው የሚመለከተውን በየሩብ ዓመቱ ቢያቀርቡ ሥራው ይጀመራል። ከዚህ ጋር የተሳሳተ መረጃ የሚታረምበት ሥርዓትም ያስፈልጋል። በብሪታንያ ለፓርላማው የተሳሳተ መረጃ የሰጠ ሚኒስትር ስሕተቱን ባወቀበት የመጀመሪያ አጋጣሚ እንዲያርም፣ ሆን ብሎ ያሳሳተ ደግሞ ሥልጣኑን እንዲለቅ ይጠበቃል፤ የታችኛው ምክር ቤት ይህን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 1997 በውሳኔ አጽንቶታል። ቁጥር መሳሳት ያለ ነው፤ በእናንተ ፊት የተነገረ የተሳሳተ ቁጥር ሳይታረም በቃለ ጉባኤ ላይ ሲቀር ግን የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በእርሱ ላይ ይቆማል።

መዝገቡ ለእናንተም ይጠቅማል። በአንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላት በዕረፍታቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲወርዱ ሕዝቡ የሚጠይቃቸው «ያቀረብንላችሁ ጥያቄ የት ደረሰ?» እያለ ነው። ያን ጊዜ ጠይቀናል ብሎ ከመመለስ ይልቅ፣ ሚኒስትሩ በዚህ ቀን ይህን ብሏል፣ ቀኑ ይህ ነው፣ እስካሁን የተፈጸመው ይህን ያህል ነው ብሎ ወረቀቱን ማሳየት የሚችል አባል ከመራጮቹ ጋር የሚያደርገው ውይይት ሌላ መልክ ይኖረዋል። የገዢው ፓርቲ አባላት ጠንከር ያለ ጥያቄ መጠየቅ ፓርቲያቸውን የሚጎዳ እንዳይመስላቸው በአክብሮት አሳስባለሁ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2007ቱ ምርጫ የምክር ቤቱን መቀመጫዎች ሙሉ በሙሉ ከያዙ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ጸጥታ በውጭ ያለውን የሕዝብ ቅሬታ አላስቀረውም፤ ቅሬታው ሌላ መንገድ ፈለገ እንጂ። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑንና ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ መሆኑን ሲደነግግ የፓርቲ ልዩነት አላደረገም።

ክቡራን ሚኒስትሮች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ሥራ ተቋራጭ ማሠማራት፣ በወሰን ማስከበርና በካሳ ክፍያ የታሰረን መንገድ ማስቀጠል፣ የዋጋ ንረት የበላውን የኮንትራት ዋጋ ማስተካከል እውነተኛ ችግሮች ናቸው። እንዲህ ያለው ችግር የገጠመው ሚኒስትር ይህ ሥራ በተባለው ቀን አልተጠናቀቀም፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ይህን ያህል ገንዘብ ይጎድለኛል፣ ከእናንተ የምፈልገውም ይህን ነው ብሎ ቢናገር፣ ከምክር ቤቱም ከሕዝቡም የሚያገኘው ግንዛቤ ከሚጠብቀው በላይ እንደሚሆን አምናለሁ። በዕቅዱ ማዕቀፍ የሌለውን፣ ገንዘብ ያልተያዘለትን ሥራ በጥያቄው ሙቀት «እንሠራዋለን» ማለት ግን በዚያች ሰዓት ጠያቂውን ዝም ቢያሰኝም በወረዳው የሚጠብቀውን ሕዝብ ያስቀይማል። የማትፈጽሙትን «አይቻልም» በሉ፤ ምክንያቱንም አስረዱ። «አይቻልም» የተባለ ወረዳ ሌላ መላ ይፈልጋል፤ «በቀጣይ» የተባለው ግን እየጠበቀ ዓመታትን ያሳልፋል።

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ መዝገቡ በአንድ ጊዜ በሁሉም መሥሪያ ቤቶች ላይ እንዲጀመር አልጠይቅም። በሚቀጥለው የሥራ ዘመን የመጀመሪያው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲቀርብ የሕዝቡን የዕለት ኑሮ በቀጥታ በሚነኩ በጥቂት መሥሪያ ቤቶች፣ ለምሳሌ በጤና፣ በትምህርት፣ በውኃና በመንገድ ቢጀመርና መዝገቡ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ፣ አሠራሩን እያስተካከሉ ማስፋት ይቻላል። ጥያቄዬ ተቀባይነት ካገኘ ከየትኛው መሥሪያ ቤትና ከመቼ ጀምሮ እንደሚተገበር፣ ካላገኘም ምክንያቱ በይፋ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
አንድ ግብር ከፋይ ዜጋ

ግልባጭ፦
ለሚኒስትሮች ምክር ቤት
ለመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት